እኔና ደምሴ በቤዝቦል የተወራረድን ጊዜ

በእኛ ጊዜ ኳስ ማለት በእግር የሚመታ ነገር ነበር፣ ሌላ ኳስ አናውቅም። ወንጂ ስንኖር እሁድ እሁድ የፋብሪካው ሰው ሁሉ ሜዳ ይወጣል፣ ባሌ ደምሴ በረኛ ነበር፣ እኔ ደግሞ ዳር ቆሜ እጮህለታለሁ፣ እና ያኔ አንድ ሰው መጥቶ «አስካለ፣ ስታረጂ በዱላ ኳስ ለሚመቱ ፈረንጆች ትጸልያለሽ» ቢለኝ ኖሮ ሰውዬው ጠጥቷል ነበር የምለው። ታዲያ ይኸው ደረሰብኝ። ሳቂ፣ ሳቂ፣ ግን ስሚኝ፣ ከመጀመሪያው ልንገርሽ።

ደምሴ ጡረታ ወጥቶ እዚህ አዳማ ከገባን በኋላ አንድ ቀን ቤት የዋለ ሰው አልነበረም። መካኒክ አይደል፣ የጎረቤት የውኃ ፓምፕ ቢበላሽ ደምሴ፣ የቤተ ክርስቲያኑ ጄኔሬተር እምቢ ቢል ደምሴ፣ ምሳ አቅርቤ የምፈልገው ሰው ቤት ነው። ታዲያ ካቻምና ክረምት ሲገባ ደም ግፊቱ ተነሣና ግራ ጎኑን ያዘው። ምላሱ ተረፈ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ምላሱማ እንዲያውም ባሰበት፤ እግሩና እጁ ግን አልታዘዝ አሉት። እና እንቅስቃሴ የምታሠራው ልጅ ነበረች፣ ሲስተር ነው የምንላት፣ ቤት ድረስ እየመጣች እጁን ታጥፋለች፣ እግሩን ትዘረጋለች፣ እና «ጋሽ ደምሴ፣ እግር ካልሠራ ይረሳል። በየቀኑ ይራመዱ፣ ከግቢም ይውጡ፣ ሰው ይዩ» ትለዋለች።

መጀመሪያ ወጣ፣ ሐሰት አልናገርም። ከዘራውን ይዞ ወጣ፣ እኔ ከኋላ። ሥጋ ቤቱ ጋ ሲደርስ ከኮብልስቶኑ አንዷ ድንጋይ ተነሥታ ኖሮ አደናቀፈችውና ወደቀ። ሰው ተሯሩጦ አነሣው፣ እና አንድ ባለ ባጃጅ፣ ክፉ አስቦ አይደለም የእናት ልጅ፣ «ቀስ፣ ቀስ፣ ሽማግሌውን በዚያ በኩል ያዙት» አለ። ያቺ ቃል ናት የገደለችው። ቤት ገብቶ ተቀመጠና «አስካለ፣ ከዛሬ ወዲያ ከዚህ በር አልወጣም» አለኝ።

«ለምን? ሰው አይወድቅም?»

«ሰው ይወድቃል። እኔ ግን ዕቃ ሆኛለሁ። ያዙት፣ አንሡት፣ በዚያ በኩል አድርጉት።»

እና አልወጣም። ለመንኩት፣ ተቆጣሁት፣ ፓስተሩን አመጣሁበት፣ ልጆቻችን ስልክ ደወሉ፣ አይሆንም። ክረምቱ አለፈ፣ መስከረም ጠባ፣ ደምሴ ሶፋው ላይ ነው። እኔም በየቀኑ «ውጣ»፣ እሱም በየቀኑ «ተይኝ»፣ እንዲህ ሆነን ቀረን። ቀን ቀን ልብስ እየሰፋሁ አየዋለሁ፣ እና አንገቱ እየቀጠነ፣ ዓይኑ እየደከመ፣ ምን ልበልሽ፣ ቁጭ ብሎ የሚሄድ ሰው ነበር።

አሁን ኦቦ ቶሎሳን ላምጣልሽ። ቶሎሳ የወንጂ ጓደኛችን ነው፣ መጋዘን ይሠራ ነበር፣ አሁን ቤቱ ከእኛ ቤት ብዙም አይርቅም፣ ሥጋ ቤቱን አልፈሽ ወደ ቀኝ ስትታጠፊ ነው። ደምሴ ከታመመ ጀምሮ ጠዋት ጠዋት ሳይመጣ አይውልም። በሩን ከፍቶ «አከም ቡልተን» ይላል፣ ይቀመጣል፣ ሻዩን ይጠጣል፣ ሁለቱ ተቀምጠው ግድግዳ ያያሉ። አንድ ቀን ታዲያ ሲስተር «የቴሌቪዥኑን ሪሞት በግራ እጅዎ ይለማመዱበት» ብላው ሄዳለች፣ ደምሴ በዚያች በደነዘዘች ጣቱ ሲነካካ አንድ የማናውቀው ጣቢያ ላይ ወደቀ። አረንጓዴ ሜዳ፣ ኮፍያ ያደረጉ ወጣቶች፣ አንዱ ዱላ ይዞ ቆሟል፣ አንዱ ከፊቱ ይወረውርለታል።

«ቀይረው እንጂ፣ ምንድነው ይሄ» አልኩ።

ቶሎሳ ግን ሻዩን አስቀመጠ። «ቆይ፣ ቆይ፣ ይሄማ ቤዝቦል ነው» አለ። ለካ ልጅ ሆኖ ኩየራ በሚሲዮን ትምህርት ቤት ሲማር የፈረንጅ አስተማሪዎቹ ከሰዓት በኋላ ያጫውቷቸው ነበር። ያን ሁሉ ዓመት ስንተዋወቅ አንድ ቀን ነግሮን አያውቅም። እንዲህ ብሎ አስረዳኝ፣ እጁን እያወናጨፈ፦ «ይኸውልሽ አዴ አስካለ፣ ይሄ ወርዋሪው ነው፣ ይሄ መቺው ነው። ወርዋሪው ያታልለዋል። መቺው ሦስት ጊዜ ከሳተ፣ ሂድ ተቀመጥ። ከመታት ግን ይሮጣል፣ አንደኛ ማረፊያ፣ ሁለተኛ ማረፊያ፣ ሦስተኛ ማረፊያ፣ ከዚያ የተነሣበት ቦታ ተመልሶ ከደረሰ አንድ ነጥብ።»

«ተመልሶ እዚያው ለመምጣት ከሆነ ታዲያ ለምን ሄደ?» አልኩት።

ደምሴ ሳቀ። ከታመመ በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ የሳቀው ያን ቀን ነበር፣ እና እኔ ሳቁን ስሰማ መርፌዬን ይዤ ቀረሁ። በልቤ «ይህን ጨዋታ ማንም አይቀይረውም» አልኩ።

ከዚያ ወዲያ ቤታችን ቤዝቦል ሆነ። ጨዋታው እዚያ ፈረንጅ አገር የሚካሄደው እኛ ተኝተን ነው፣ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ግን ይደግሙታል፣ ስለዚህ ቶሎሳ በሦስት ሰዓት ከች። እኔም ከቁርጥራጭ ጨርቅ አራት ድፍን ትራሶች ሰፋሁና ግቢ ውስጥ አስቀመጥኳቸው፣ አንዱን በረንዳው ላይ፣ አንዱን የኒም ዛፉ ሥር፣ አንዱን የውኃ ታንከሩ ጋ፣ አንዱን ማድቤቱ በር ላይ።

«ምንድነው ይሄ?» አለኝ ደምሴ።

«ማረፊያ ነዋ።»

«እኔ ሕፃን ነኝ?»

«አይደለህም፣ መቺ ነህ። ነጥብ በገባ ቁጥር አንድ ዙር ትዞራለህ።»

ተነጫነጨ፣ ግን ዞረ። ግቢያችን በቆርቆሮ የታጠረ ነው፣ ሰው አያየውም፣ ለዚህ ነው የዞረው። ቶሎሳ በረንዳው ላይ ቆሞ እንደ ቴሌቪዥኑ ሰውዬ «ደምሴ ሁለተኛውን አለፈ፣ ደምሴ ታንከሩን አለፈ» ይላል፣ እና ደምሴ በከዘራው እያስፈራራው ይዞራል። ይዙር እንጂ፣ በሩ ግን በር ነው፣ ወደዚያ ዞሮም አያይም።

ጥቅምት ሲሆን ቶሎሳ አንድ ጠዋት እንደ ሠርግ ጠሪ ኮቱን ለብሶ መጣ። «ዋናው መጣ» አለ። «እዚያ አገር ሁለት ሊግ አለ። ሁለቱም ዓመቱን ሙሉ ለየብቻ ሲጫወቱ ይከርሙና እያንዳንዱ የራሱን አሸናፊ ያወጣል፣ አሁን ሁለቱ አሸናፊዎች ሊገናኙ ነው። የወንጂን ዋንጫ የበላውና የመተሃራን ዋንጫ የበላው ቢገናኙ ማለት ነው፣ ያውም በአንድ ቀን አያልቅም። ቀድሞ አራት ጨዋታ ያሸነፈ ነው የሚወስደው፣ እስከ ሰባት ጨዋታ ሊሄድ ይችላል።» አንደኛዎቹ ቀይ ኮፍያ ናቸው፣ ሌሎቹ ሰማያዊ። የከተሞቹን ስም ነግሮኛል፣ እኔ ግን በኮፍያቸው ነው የማውቃቸው። ደምሴ ወዲያው ቀዮቹን ያዘ። ቶሎሳ ሰማያዊዎቹን ያዘ።

እና እኔ ይህን ጊዜ አንድ ነገር ታየኝ። «ደምሴ፣ እንወራረድ» አልኩ።

«አማኝ ሆነሽ ትወራረጃለሽ?»

«ገንዘብ የለበትም። ሰማያዊዎቹ ካሸነፉ በዚያ በር ትወጣለህ፣ በእግርህ፣ ቀን በቀን።»

«ቀዮቹ ካሸነፉስ?» አለ።

«ካሸነፉማ ከዚያ ወዲያ ስለ መውጣት አንዲት ቃል አልናገርህም። እስከ ሞት።»

«እስከ ሞት?»

«እስከ ሞት።»

«እንግዲያ ይሄ ውርርድ አይደለም፣ ቃል ኪዳን ነው» አለና እጁን ሰጠኝ፣ ቶሎሳም እንደ ዳኛ እጃችንን ለየው። ስሚኝ፣ ያን ቀን የተናገርኩት ነገር ማታ ነው የገባኝ። አፌን ነው እኮ ያስያዝኩት። ሰማያዊዎቹ ቢሸነፉ ሰውዬው ሶፋው ላይ ሲያልቅ ዝም ብዬ ላይ ነው።

ታዲያ ጀመረ። ቀዮቹ የመጀመሪያውን አሸነፉ። ሁለተኛውንም አሸነፉ። ደምሴ ግቢውን እየዞረ ያንጎራጉራል፣ እኔ ወጥ አሳርራለሁ። ረቡዕ የሴቶች ጸሎት እኛ ቤት ነው፣ መሪያችን እህት ብርሃኔ «የጸሎት ርዕስ ያላት እህት አለች?» ስትል እጄን አወጣሁ።

«ሰማያዊ ኮፍያ ላደረጉ ወንድሞች» አልኩ።

«የየትኛው አጥቢያ ናቸው?» አለችኝ።

«የሩቅ አጥቢያ ናቸው። በጣም ጠላት በዝቶባቸዋል።»

አቤት እንዴት ተጸለየላቸው። ደምሴ ከቶሎሳ ጋር መኝታ ቤት ሆኖ ይሰማል፣ ሴቶቹ ሲወጡ ብቅ ብሎ «ይሄ ደንብ ይፈቅዳል?» ብሎ ቶሎሳን ጠየቀው። ቶሎሳም «መጽሐፉ ላይ አልተከለከለም» አለ።

እና አትስቂ፣ ሦስተኛውን ሰማያዊዎቹ ወሰዱት። አራተኛውንም። አምስተኛው ወደ ቀዮቹ ሄደ፣ ስድስተኛው ወደ እኛ ተመለሰ፣ እኩል ለእኩል ሆኑ፣ አንድ ጨዋታ ቀረ። የሰባተኛው ቀን ጠዋት ሲስተር ፊቷ ፈክቶ መጣች፣ እሷም ከእኛ ጋር ተለክፋ ሌሊቱን በስልኳ ስታይ ኖሯል፣ ገና በሩ ላይ «ጋሽ ደምሴ፣ እንኳን...» ስትል ዘልዬ አፏን ያዝኩት። እንኳን ምን? እንኳን ደስ አለዎት ነው ወይስ እንኳን ጤናዎ ተረፈ? ልጅቷን ማድቤት አስገብቼ በር ዘጋሁባት፣ እስኪያልቅ ድረስ ሽንኩርት ስትከትፍልኝ ቆየች።

ሦስቱ ተቀመጥን። ሰማያዊዎቹ ከመጀመሪያው መሩ። እኔ ስፌቱን ትቻለሁ፣ ቶሎሳ ሻዩን ረስቷል፣ ደምሴ ከዘራውን አገጩ ላይ አስደግፎ ዓይኑ አይነቀልም። ዘጠነኛው ዙር የመጨረሻው ነው፣ እዚያ ደርሰናል፣ እኛ በአንድ ነጥብ እንመራለን፣ ቀዮቹ ሊመቱ ገቡ። አንዱ ሳተ፣ ወጣ። ሌላው መታት፣ ወደ ሰማይ ወጣች፣ ተቀለበች፣ እሱም ወጣ። ሦስት ሰው ከወጣባቸው ያልቃል፣ አንድ ብቻ ነው የቀራቸው። ቶሎሳ ጉልበቴን ነካ አድርጎ «አዴ አስካለ፣ የደምሴን ጫማ ጥረጊ» አለኝ።

ሦስተኛው መቺ መጣ፣ ቀጭን ልጅ ነው፣ እንጨት የሚመስል። መታትና አንደኛ ማረፊያ ደረሰ። አይደንቅም አልን። ከዚያ አንድ ወፍራም ሰውዬ መጣ፣ ጺሙ እዚህ ድረስ ነው፣ ወርዋሪው ወረወረ፣ ሳተ፣ ወረወረ፣ ሳተ፣ እኔ ዓይኔን ጨፍኛለሁ፣ እና ጧ የሚል ድምፅ ሰማሁ። ዓይኔን ስገልጥ ኳሷ የለችም። አጥሩን አልፋ፣ ሕዝቡን አልፋ፣ የት እንደገባች አንድዬ ይወቅ። አጥር ካለፈች ደግሞ የሚያስቆማቸው የለም፣ ቀጭኑም ዞሮ ገባ፣ ወፍራሙም ተንከባልሎ ገባ፣ አለቀ። ቀዮቹ።

ደምሴ ተነሥቶ ቆመ። ከዘራው ወለሉ ላይ ወድቋል፣ እሱ ቆሟል፣ ሁለት እጁን አንሥቷል፣ ግራውንም ጭምር። እና እኔ ደስ ሊለኝ ሲገባ አለቀስኩ። መሸነፌ ነው የታየኝ። ቶሎሳ ኮቱን ያዘና «ደህና ዋሉ» ብሎ ወጣ፣ ሻዩን እንኳ አልጨረሰም።

ደምሴ ዞሮ አየኝና «ቃል ቃል ነው፣ አስኩ» አለኝ። ክፉ ሰው አይደለም፣ በለስላሳው ነው ያለኝ።

«ቃል ቃል ነው» አልኩ።

እና ጠበቅሁ። በማግስቱ «ውጣ» አላልኩም። ጥዋት ሲነጋ ምላሴ ጥርሴን እየገፋ፣ አላልኩም። ስፌቴን ሰፋሁ፣ ዝም። እሱ ደግሞ በሦስት ሰዓት ፀጉሩን አበጥሮ ተቀምጧል፣ በሩን ያያል። ለካ ቶሎሳን ነው የሚጠብቀው። አስቢው፣ ሰው አሸንፎ የሚፎክርበት ሰው ሲያጣ። ስንት የተዘጋጀ ነገር ነበረው፣ ማታ አልጋ ላይ ሆኖ ለብቻው ሲስቅ ሰምቼዋለሁ። ቶሎሳ አልመጣም። በማግስቱም አልመጣም። ደወለለት፣ ስልኩ ዝግ ነው።

«ታሞ ይሆን?» አለኝ።

«እንጃ።»

«ሄደሽ አታይውም?»

«ስፌት አለብኝ» አልኩት። እውነቴን ነው፣ የዩኒፎርም ሥራ ነበረብኝ።

ሦስተኛው ቀን ላይ ነው። ቁርሱን በላ፣ በሩን አየ፣ ሰዓቱን አየ፣ እንደገና በሩን አየ። ከዚያ «ይሄ ሰውዬ እየሸሸኝ ነው» አለ። «ሽንፈቱን ሳይሰማ ሊያመልጥ ነው። ጫማዬን አምጪ።»

እኔ አንዲት ቃል አልተነፈስኩም። ጫማውን አመጣሁ፣ ክሩን አሰርኩ። ከዘራውን ይዞ በረንዳውን ወረደ፣ ትራሶቹን አልፎ ሄደ፣ የበሩን መወርወሪያ ራሱ ሳበ። ወጣ። ሻርፔን ጣል አድርጌ ተከተልኩት፣ ራቅ ብዬ፣ እንዳያየኝ። የጥቅምት ነፋስ አዋራውን ያነሣዋል፣ እሱ ኮፍያውን በግራ እጁ ይዞ ቀስ፣ ቀስ ይላል። ሥጋ ቤቱ ጋ ሲደርስ ቆመ። ያቺ ድንጋይ አለች፣ ዛሬም አልተስተካከለችም። አያት። እኔ ልሮጥ ደረስኩ። ከዘራውን ወደዚያ ማዶ ተከለና ተሻገራት።

ባለ ሥጋ ቤቱ ብቅ ብሎ «ጋሽ ደምሴ፣ እንዴት ነዎት፣ ጠፉ እኮ» አለ።

«ስመለስ እናወራለን፣ ሥራ አለኝ።»

አንዱ ባጃጅ ቀረብ ብሎ «አባቴ ልውሰድዎት» ሲለው «ሂድ፣ አታዘግየኝ» አለው። አታዘግየኝ ይላል፣ ኤሊ የሚቀድመው ሰው።

የቶሎሳ ቤት ደረሰ፣ አንኳኳ። የቶሎሳ ሚስት አዴ ጫልቱ ከፍታ ስታየው እጇን አፏ ላይ አደረገች፣ ከኋላው እኔን አየችና በዓይኗ ጠየቀችኝ፣ እኔም ጣቴን ከንፈሬ ላይ አደረግሁ። ቶሎሳ ፓፓያው ሥር ተቀምጦ ሬዲዮ ይሰማል፣ ምንም አልሆነም፣ እንደ በሬ ጤነኛ ነው።

ደምሴ ከፊቱ ቆመ። ላቡን ጠረገ። «ቶሎሳ» አለው።

«አቤት ደምሴ።»

«ዘጠነኛው ዙር ላይ ምን ሆነ?»

«አላስታውስም።»

«ታዲያ ላስታውስህ» አለና ጀመረ። ቆሞ፣ ከዘራውን እንደ ዱላው ትከሻው ላይ አድርጎ፣ ቀጭኑን ሆነ፣ ወፍራሙን ሆነ፣ ወርዋሪውን ሆነ፣ አጥሩን አሳየ፣ ኳሷ የሄደችበትን ሰማይ አሳየ። ቶሎሳ «በቃህ» ይላል፣ እሱ ከመጀመሪያው ይጀምራል። አዴ ጫልቱ ወንበር አመጣችለት፣ አልቀመጥም አለ። እኔ አጥሩን ተደግፌ፣ ምኑን ልንገርሽ፣ እየሳቅሁ ነው እንዳልል ሻርፔ በእንባ ርሷል።

በኋላ ቶሎሳን ለብቻው አግኝቼ «ለምን ጠፋህብን?» አልኩት። «አዴ አስካለ፣ እኔ ብመጣ ኖሮ እሱ ይመጣ ነበር?» አለኝ፣ ደረቱን ነፍቶ። ጫልቱን ስጠይቃት ደግሞ «ምን እቅድ አለው ብለሽ ነው፣ አፍሮ ነው እንጂ፤ በሩ በተንኳኳ ቁጥር ሊደበቅ ይነሣ ነበር» አለችኝ።

«እርስዎስ እትዬ አስካለ፣ የማንን አመኑ?» ትይኛለሽ? የሁለቱንም። መጀመሪያ አፈረ፣ ከዚያ ማፈሩ ጥሩ ሥራ እንደሠራ ሲያይ እቅድ ነበር አለ። ወንዶች እንዲህ ናቸው፣ ቅር አይለኝም። እኔ የማውቀው አንድ ነገር ነው፤ ያን ያህል የጸለይኩላቸው ልጆች ቢያሸንፉ ኖሮ ደምሴ በውርርድ ይወጣ ነበር፣ ፊቱን አጥቁሮ፣ እንደ እስረኛ። ተሸነፍኩና በደስታው ወጣ። እግዚአብሔር የጸሎቱን ርዕስ ከእኔ በተሻለ አውቆት ነበር ማለት ነው።

አሁንማ ጠዋት ወጥቶ ለምሳ አይገኝም፣ አሁን ራሱ ያለው ቶሎሳ ቤት ነው።

ዘንድሮ? ዘንድሮ ማንንም አላስወራርድም፣ ዝም ብዬ ነው የማየው። ሰማያዊዎቹ አዲስ ወርዋሪ አምጥተዋል፣ ረጅም ግራኝ ልጅ ነው፣ ኳሷን እንዲህ ከጎን ሲለቃት ብታይ... ምነው ሳቅሽ? ይህንንም ጻፍሽው እንዴ? ለደምሴ እንዳታነቢለት፣ ለሱ ስል ብቻ የማይ ነው የሚመስለው። ወይ ጉድ፣ ይኸው ሦስት ሰዓት ሊሆን ነው፣ ሪሞቱን አቀብዪኝ እስቲ።